በቀይ መብራትዎ ሥር የተቀመጥንበት የገና ዋዜማ

ለክቡር የከተማው የእንግዶች አቀባበልና የበዓል ዝግጅት መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ዓይንን ለይቼ የጠቀስሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል፤ የተጻፈን ነገር እስከ ታች የማንበብ ልማድ ካለዎት ማለቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት በመምሪያዎ የአስተያየት መስጫ ቅጽ ላይ አቤቱታዬን አቅርቤ ነበር። ቅጹ ሦስት መስመር ብቻ ስላለው በጠባቡ ጽፌ፣ በጀርባውም ቀጥዬ፣ በኅዳጉም ዞሬ ጨረስሁት። መልስዎም በሁለተኛው ቀን ደረሰኝ፤ ለፍጥነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። መልሱ በሙሉ እንዲህ ይላል፦ «ክብርት ጎብኚ፣ በሩ አልተቆለፈም ነበር።» ሠላሳ ስምንት ዓመት ሕፃናትን ንባብና ጽሕፈት ሳስተምር ሐሳብን በአጭሩ መግለጥ ስለሚባለው ነገር ብዙ ደክሜአለሁ፤ ከተማሪዎቼ አንዱም እርስዎ የደረሱበት አልደረሰም። እኔ ግን አጭር መልስ የለኝም። ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ በኩል መጣሁብዎ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኛ ማን እንደሆንን ልንገርዎ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሰባ አንድ ዓመት አሮጊት ነኝ። ባለቤቴ በአንዲት ትንሽ ከተማ የባቡር ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት የምልክት መብራት ሠራተኛ ነበር። ሥራውን ለማያውቁ አንባቢዎች፦ እሱ አረንጓዴ ካበራ ባቡሩ ያልፋል፣ ቀይ ካበራ ባቡሩ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ውስብስብ ነገር የለውም፤ ግን የሰው ነፍስ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሳፈሩበትን ባቡር፣ መስመሩ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥለት ድረስ፣ አርባ ደቂቃ ቀይ መብራት ፊት ገትሮታል። ሰውየው በንዴት ወርደው «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ቢሉት፣ «አውቃለሁ ጌታዬ፤ መብራቱ ግን አያውቅዎትም» አላቸው። በገና ሰሞን በእንግድነት የመጣንብዎ እንዲህ ያለን ሁለት ሰዎች ነን።

የመጣነውም ያለ ምክንያት አይደለም። የባለቤቴ ቀኝ ዓይን ካየ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ግራው በሚመጣው ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ሐኪሟ እውነት የምትናገር ሴት ናት፤ «ሊሻልዎት ይችላል፤ ጨርሶ ሊጨልምም ይችላል። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ከዚያ በፊት ይዩት» አለችው። ወደ ቤት ስንመለስ ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። «አንቺን» ይለኛል ብዬ ሻሼን እንኳ አስተካክዬ ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰበና «የትልቁን ከተማ የገና መብራት፣ ሲበራ» አለኝ።

«ሲበራ» ያለው በምክንያት ነው። የበራ መብራት ለግራ ዓይኑ እንደ ጭጋግ ነው፤ ይዘረጋበታል፣ ይደባለቅበታል፣ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት ካቃተውም ቆይቷል። ከጨለማ ድንገት ብልጭ ሲል ግን ለአንድ አፍታ፣ ከዓይን ጥቅሻ ለማይረዝም ጊዜ፣ አጥርቶ ያየዋል። ዕድሜውን በሙሉ አንድ አንድ መብራት ሲያበራ የኖረ ሰው፣ በራሪ ወረቀትዎ እንደሚለው «ሠላሳ ሺህ አምፖሎች በአንድ ማብሪያ በአንድ ጊዜ» ሲበሩ ማየት ቢመኝ የሚፈረድበት አይመስለኝም። ይኸው ወረቀት መብራቶቹ በገና ዋዜማ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ከበሩ በኋላ የበዓሉ ሰሞን እስኪያበቃ ሌት ተቀን እንደማይጠፉ በኩራት ይናገራል። ስለዚህ ባለቤቴ የነበረው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። ትንሿ ልጃችን «ለጥንዶች የተሰናዳ የሦስት ቀን ጉብኝት» የሚለውን የመምሪያዎን ዝግጅት መረጠችልን፤ ምስኪኗ ልጄ በቅንነት ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ማረፊያችን አመሰግናለሁ። በመምሪያዎ የተመረጠው ሆቴል «ወደ ከተማው የሚያይ መስኮት» እንዳለው ተጽፎ ነበር፤ ሐሰት የለበትም። መስኮቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለ ግድግዳ ያያል፤ ግድግዳውም የከተማው ነው። ለደኅንነታችን ሲባል መስኮቱ በብሎን ተጠርቅሟል፤ ማሞቂያው ደግሞ ለምቾታችን ሲባል አይጠፋም። ሁለት ሌሊት እንደ ዳቦ ተጋግረን አደርን። ባለቤቴ «ለኔ ዓይን የሚስማማ እይታ ነው፤ የሚያመልጠኝ ነገር የለም» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ እግረኛው እንዳይጋፋ በየመንገዱ ስላቆሟቸው የብረት አጥሮች አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ከሆቴሉ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ልንገዛ ወጣን፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ገዝተን ስንዞር አንድ ደንብ አስከባሪ በትሕትና እጁን ዘረጋና «እናቴ፣ በዚህ መውጣት ነው እንጂ መግባት የለም» አለኝ። «ልጄ፣ ሆቴላችን እኮ ያውና፣ የክፍላችን መጋረጃ ይታየኛል» ብለው «እኔም ይታየኛል እናቴ» አለኝ፤ ያዘነልኝም ይመስላል። የተፈቀደው መመለሻ በወንዙ ድልድይ በኩል ነበር። አምሳ አምስት ደቂቃ ሄድን። ዳቦውን በድልድዩ ላይ በልተን ጨረስነውና ባዶ እጃችንን ሆቴላችን ገባን። አንድ ቃል አልተቃወምሁም፤ ደንብ ደንብ ነውና። ይህን አባባሌን እባክዎ ያስታውሱልኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉብኝት አውቶቡሱ። መስኮቶቹ በሙሉ በበዓል ጌጥና በወረቀት በረዶ ስለ ተሸፈኑ ከተማውን ያየነው ጌጡ በተቀደደበት በኩል፣ በተራ፣ አንድ ዓይን አንድ ዓይን እያደረግን ነው፤ ከተሳፋሪው ሁሉ በዚህ ያልተጎዳው ባለቤቴ ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ግን በቴፕ የተቀዳው አስጎብኚ ነው። አውቶቡሱ ከአንድ የተበላሸ የጭነት መኪና ኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ ሳለ፣ አስጎብኚው ያለ አንዳች ድካም ጉዞውን ቀጠለ። «በስተቀኛችሁ ጥንታዊው ቤተ መዘክር» ሲል በስተቀኛችን ጎማ የሚለጥፍ ሰው ነበረ፤ «አሁን ወደ ውቡ የባሕር ዳርቻ እየወረድን ነው» ሲል ያው ጎማ ለጣፊ ምሳውን ይበላ ነበር። ሙዚቃው ሲያልቅ «ጉብኝታችን እዚህ ላይ ተፈጸመ» ተባልንና በሩ ተከፈተ። ወረድን። ጎማ ለጣፊው እንደ ዘመድ ሰላም አለን።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ማማው ነው፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

መብራቱ ሲበራ ከሁሉ በላይ የሚታየው ከማዘጋጃ ቤቱ ማማ ሰገነት ላይ ነው ተባልን። ሕዝቡ በትልቁ በር፣ በአዲሱ አሳንሰር ይገባል። እኛን ግን አንዲት ደግ አስተናጋጅ ሽበታችንን አይታ «ለአረጋውያን ምቾት ሲባል በጀርባ በር» ብላ ላከችን። በአሮጌው አሳንሰር የሚያመላልስ አንድ የሚያፏጭ ሰው አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ አወረደን፤ «ቁጭ ብላችሁ መብራቱን ጠብቁ» አለንና ወረደ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ባለቤቴ ቀድሞ መድረስ ይወዳል።

ክፍሉን ካላዩት ልግለጽልዎ። አሥራ አራት የፕላስቲክ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። መስኮት የለውም። አንደኛው በር ወደ ደረጃ ይወስዳል፤ «ለሠራተኞች ብቻ» ይላል። ሌላው በር ወደ ሰገነቱ ይወስዳል። ከእሱ በላይ አንድ ቀይ መብራት በርቷል። ከበሩ አጠገብ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ መመሪያ አለ፤ እንደሚከተለው ገልብጨዋለሁ። «፩. ቀይ መብራት በርቶ ሳለ በሩን መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው። ፪. አረንጓዴ መብራት ሲበራ ጎብኚዎች በሰልፍ ይገባሉ። ፫. ይህን መመሪያ የጣሰ ከሕንፃው ይወጣል።» ከሥሩ ማኅተም አለ። ከማኅተሙ በላይ የእርስዎ ፊርማ አለ፤ ጅራቱ ረጅም፣ ያማረ ፊርማ ነው።

እኔ መመሪያውን ጮክ ብዬ ለባለቤቴ አነበብሁለት። እሱም እንደ ጥሩ ሙያተኛ አዳምጦ «የተስተካከለ አሠራር ነው፤ ሰገነቱ ላይ ሰው እንዳይበዛ ነው» አለ። ከዚያም ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠና «መብራቱን አንቺ ተከታተዪልኝ፤ ሲለወጥ ንገሪኝ» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሌላው ምልክት ሲሰጥ የኖረ ሰው ምልክቱን ለእኔ አስረከበኝ። ኃላፊነቱ ምን ያህል እንደ ከበደኝ እርስዎ እንኳ፣ ኃላፊ ስለሆኑ፣ ሳይገባዎት አይቀርም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት በዕድሜ የገፉ እህትማማቾች መጡ። ከዚያ ቀጥሎ በር የተሳሳቱ ሁለት አዲስ ተጋቢዎች መጥተው መመሪያውን ዞር ብለው ሳያዩ በሩን ገፉት። «ልጆቼ፣ መብራቱ ቀይ ነው!» አልኋቸው። ልጅቷ ሣቀችና «እሺ እማማ» ብላ ገባች፤ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ታናሽ እህትየዋ ይህን አይታ ብድግ ስትል ታላቋ ቀሚሷን ይዛ «ተቀመጪ! መምህርቷ ቀይ ነው ብለዋል አይደል?» አለቻት። መምህርት መሆኔን አልነገርኋቸውም ነበር፤ እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

እንግዲህ በሩ እንዳልተቆለፈ ከዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ጀምሮ አውቅ ነበር፣ ክቡር ሆይ። መልስዎ አዲስ ነገር አልነገረኝም።

በአሥር ሰዓት የአሳንሰሩ ድምፅ ጠፋ። ቁልፉን ብጫነው ዝም አለ። የሚያፏጨው ሰው ለበዓሉ ወደ ቤቱ ሄዶ ኖሯል፤ ወደ ታች የሚያወርደው መክፈቻ ደግሞ በኪሱ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ወደ ኋላ መመለሻ የለም፤ ደረጃው ለሠራተኞች ነው፤ ሰገነቱ ደግሞ ቀይ ነው። አራት ሽማግሎች አንድ አምፖል ከበን ተቀመጥን። ባለቤቴ በየጥቂት ደቂቃው «አሁንስ?» ይለኛል፤ እኔም ቀና ብዬ አይቼ «ቀይ» እለዋለሁ። ሃያ ስድስት ጊዜ ጠይቆኛል።

በአሥራ አንድ ሰዓት ልጃችን ደወለች። ሁኔታውን ሳስረዳት ጮኸች፦ «እማዬ፣ ስወድሽ፣ በሩን ግፊውና ግቢ!» «ቀይ ነው እኮ» አልኋት። «አባዬን ስጪኝ» አለች። አባቷም ስልኩን ተቀብሎ «እናትሽ ቀይ ነው ትላለች» አላትና መለሰልኝ። «እናንተን ያገናኘ አምላክ ራሱ ይገላግላችሁ» ብላ ዘጋችው። ታናሽ እህትየዋ ሰምታ ኖሮ «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች፤ ታላቋ ደግሞ በምርኩዟ ጫማዋን ነካ አደረገቻት።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሙዚቃው በግድግዳው ውስጥ ዘልቆ ይሰማ ጀመር። ባለቤቴ ተነሣ። የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ከኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ ፀጉሩን አበጠረ፤ መነጽሩን በመሐረቡ ወለወለ። ከውጭ የሕዝቡ ድምፅ ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «መምህርት፣ አሁንስ?» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። እሱ አያየውም። «አረንጓዴ» ብለው ኖሮ እጄን ይዞ ይገባ ነበር፤ ከበሩ እስከ ሰገነቱ ሰባት ደረጃ ነው፤ ኋላ ቆጥሬዋለሁ። ሰባት ደረጃ ለመውጣት ሰባት ቁጥር ይበቃን ነበር።

ቀና ብዬ አየሁ። «ቀይ ነው» አልሁት።

እሱም «እሺ» አለና ተቀመጠ። ሕዝቡ ቆጥሮ ጨረሰ። ከዚያ አንድ ትልቅ «ኦ!» ተሰማ፤ ግድግዳውን አልፎ ወንበራችን ሥር ድረስ ገባ። ከዚያም ጭብጨባ። ታላቂቱ እህት እንኳ ያን ጊዜ አንገቷን ደፋች። ባለቤቴ ማበጠሪያውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ እኔም በዚያች ወንበር ላይ ሳስበው ነበር፤ ጊዜ ሞልቶኛልና። ሰባት ዓመቴ ሳለ አስተማሪያችን «እስክጠራሽ እዚህ ግድግዳ ሥር ቁሚ» አሉኝ። ቆምሁ። ደወል ተደወለ፣ ልጆች ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ፀሐይ ጠለቀች፤ እኔ ቆሜአለሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መብራቱን ይዞ ሲዞር አገኘኝ። በማግሥቱ አስተማሪያችን ከክፍሉ ፊት አቁመው «ተማሪ ማለት ይህች ናት» ብለው አስጨበጨቡልኝ። ስድሳ አራት ዓመት በዚያ ጭብጨባ ስኮራ ኖርሁ፤ ለተማሪዎቼም በየዓመቱ እነግራቸው ነበር። በእርስዎ ክፍል ውስጥ፣ የሌላ ሰው ጭብጨባ በግድግዳ እየሰማሁ ነው፣ አስተማሪዬ በቀላሉ ረስተውኝ እንደ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ። ለዚህ ትምህርት መምሪያዎን አመሰግናለሁ፤ ጥቂት ዘግይቷል እንጂ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ በሠራተኞች ደረጃ መጣች። አራታችንን በመደዳ ተቀምጠን ስታይ ደንግጣ «እናንተ! እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አለች። «አረንጓዴውን እንጠብቃለን» አልኋት። ባልዲዋን አስቀመጠች። «እናቴ፣ አረንጓዴው እኮ ከተቃጠለ ካቻምና ነው፤ ሁልጊዜ ቀዩ ብቻ ነው የሚበራው። ለአለቆች ስንት ጊዜ ተናገርን፤ ማን ይሰማል? ሰው ዝም ብሎ ነው የሚገባው» አለችና የሰገነቱን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ ከፈተችልን። ታናሽ እህትየዋ «እኔ ብያለሁ!» አለች። ታላቋ ግን እኔን ያየችኝ ልጇ ፈተና የወደቀባት እናት የልጇን አስተማሪ እንደምታይ ነው።

ወጣን። ሠላሳ ሺህ አምፖሎች በርተው ነበር። ያማረ ነበር፤ ለመዋሸት አልፈልግም። ባለቤቴ የሰገነቱን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ «አየሁት፤ በጣም ያምራል። ደክመሽ አመጣሽኝ፣ ተባረኪ» አለኝ። ፊቱን ያዞረው ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው ታንከር ነበር። አደባባዩ ከኋላው ነው። እኔም «አዎን፣ ያምራል» አልሁት።

በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም የሐሰት ምልክት ሰጥቶ የማያውቅ ሰው፣ እኔ እንዳላዝን ብሎ ያን ምሽት ዋሸልኝ። እኔ ለእሱ መዋሸት አቅቶኝ ነበር።

አምስተኛ፣ መልስዎን በሚመለከት። በሩ እንዳልተቆለፈ ተስማምተናል። ነገር ግን በፊርማዎ አትመው የሰቀሉት ቃል እኔን ቆልፎኛል፤ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የበለጠ ቁልፍ አላውቅም። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው፤ ግማሼን ወስጃለሁ፣ በየሌሊቱም እያየሁት ነው። የቀረው ግማሽ የተቃጠለ አምፖል ሥር ፊርማውን ሰቅሎ የሄደ ሰው ድርሻ ነው። እርስዎ መመሪያውን ከጻፉ በኋላ ያን ክፍል አንድ ቀን ረግጠውት ቢሆን ኖሮ እርስዎም እንደ ሌላው በሩን ገፍተው ያልፉ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ቃልዎን አክብሮ የተቀመጠ ከእኛ ከአራታችን በቀር ማንም እንደሌለ ሲያውቁ ደስ ይበልዎት።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ፤ ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ለእሱ ሲባል የተጻፈ ነው። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴን ይዤ በዚያው ሰገነት ላይ እገኛለሁ። ይህን አንድ ማብሪያ፣ ወረቀትዎ እጅግ የሚኮራበትን፣ ሰው ከአሥር ወደ ታች ቆጥሮ እስኪጨርስ ድረስ ብቻ አጥፍተው መልሰው ያብሩልን። ሠላሳ ሺህ አምፖሎች አሥር ቁጥር ቢያርፉ የሚጎዳ ሰው አይኖርም። ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ አልጠብቅም፤ ቅጽም አልሞላም። ከተማው ከጨለመ ይህን እንዳነበቡ አውቃለሁ። ካልጨለመም እንዲሁ አውቃለሁ። ፊቱን ወደ አደባባዩ የማዞረው እኔ ራሴ ነኝ።

በድጋሚ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለመምሪያዎ ሠራተኞች ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ለዚያች የጽዳት ሠራተኛ ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በሩ ለእርስዎ ምን ጊዜም ክፍት፣ መብራቱም ምን ጊዜም አረንጓዴ እንዲሆን ከልብ በመለመን፣

ቃልዎን እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ያነበብሁ፣
በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ታዛዥነቴ የምታወቀው፣
አክባሪዎ፣
ጡረተኛዋ መምህርት

ግልባጭ፦
ለአሳንሰሩ ሠራተኛ፣ ከነመክፈቻው ካሉበት።
ለሁለቱ እህትማማቾች፣ ከይቅርታ ጋር።

ማስታወሻ፦ በደብዳቤው ዋና ቅጂ ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ አንድ አረንጓዴ አምፖል ልኬልዎታለሁ፤ መጠኑን ከጽዳት ሠራተኛዋ ጠይቄ ነው የገዛሁት፤ ለመግጠም ወንበር ላይ መውጣት ብቻ ይበቃል፤ ወንበር አሥራ አራት አለዎት። እስከ ማክሰኞ ባይገጠምም ግድ የለም። ባለቤቴ በሩ ፊት ቆሞ «አሁንስ?» ሲለኝ «አረንጓዴ ነው» እለዋለሁ። ጋዜጣውን በየጠዋቱ የማነብለት እኔ ነኝ፤ ይህን ገጽ እዘልበታለሁ።